«ሳቂ» ተብሎ አይሳቅም

«አትጨነቂ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያመጣውን ሰው ባገኘው ቆሜ እጣላው ነበር። ተጨንቆ ለሚያድር ሰው «አትጨነቅ» ማለት፣ ለራበው ሰው «አትራብ» ብሎ በሩን ዘግቶ መሄድ ነው። ይህን የተማርኩት ከእትዬ ስፒል ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር አልፎ እፎይ ስላልን ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የማወራው እንጂ፣ ያን ሰሞን እንኳን ወሬ ምራቅም አልነበረኝ።

እትዬ ስፒል እኔ በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የእጅ ሥራውን የምትሠራ ናት። ማሽን የማይደርስበትን ሁሉ የምትጨርሰው እሷ ናት፤ ሱሪ ትቀመቅማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ገበር ታያይዛለች። ቆራጩ ይቆርጣል፣ በማሽንም ይሰፋል፤ እኔ ደግሞ እተኩሳለሁ። ሦስታችንም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን። ካውያዬ በተነፈሰ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይደፈናል፣ ቆራጩም «ፀሐዩን ደግሞ ወሰድሽብኝ» እያለ ያጉረመርማል። ወለሉ ላይ ክር እንጂ ሲሚንቶ አይታይም።

እትዬ እላታለሁ እንጂ አንቱ አልላትም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን አንቱ ብያት «ምን በድዬሽ ነው?» አለችኝ። ስፒል ያልናት ደግሞ ከንፈሯ መሐል ስፒል ሳትይዝ ስለማትሠራ ነው። አንዱን ከጨርቁ ትነቅላለች፣ አፏ ላይ ትሰካለች፤ ሌላውን ከአፏ ታወጣለች፣ ጨርቁ ላይ ትሰካለች። ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው «እም» እና «እምምም» ነው፤ የመጀመሪያው አዎ፣ ሁለተኛው ደግሞ «እንኳን አዎ ልል፣ ተዉኝ» ማለት ነው።

በዚህ የተነሣ ቤታችን አንድ ሕግ አለው። ቀልድ ያለው ሰው ከመናገሩ በፊት «ስፒል!» ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ አፉ ላይ ስፒል የያዘ ሁሉ ወደ መዳፉ ይተፋል፤ ከዚያ ቀልዱ ይነገራል፣ ከዚያ ይሳቃል። ሕጉ የወጣው ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ልብስ ሰፊ ስፒል እንደያዘ ስቆ፣ የዋጣትን ስፒል በሐኪም እጅ ካስወጣ ወዲህ ነው። ደንበኛ ሱሪ ሊለካ ገብቶ «ስፒል!» ሲባል ሲሰማ፣ የረገጠ መስሎት እግሩን ያነሣል። እኛ እሱን አይተን ቀልዱ ሳይጀመር እንስቃለን።

የእትዬ ስፒል ሳቅ ከእሷ ይበልጥ ነበር። ቀጭን ሴት ናት፤ ስትስቅ ግን መንገድ ማዶ የተቀመጠው ጫማ ጠጋኝ መዶሻውን እንደያዘ «እኔ ሳልሰማ ምን ተባለ?» ብሎ ይመጣል። ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «በቃችሁ፣ ልትገድሉኝ ነው» እያለች ትስቅና፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከሳቀች በኋላ ያለው ስፌቷ ሁልጊዜም የተረጋጋ ነው፤ እኔ በላዩ ካውያ ስለማሳልፍበት አውቀዋለሁ።

ከዚያ ዓይኗ ደከመ። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት፤ ክሩን እየላሰችና እየጠመዘዘች መርፌውን ትረግማለች። ቀጥሎ ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር መሥራት ተወች። ኋላ ላይ እኔ ጠዋት ጠዋት መርፌዎቹ ውስጥ ክር አስገብቼ እደረድርላት ጀመር፤ እሷም በጣቷ እየዳሰሰች ትሰፋለች። ስፌቱ አልተበላሸም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ነገር ግን ድሮ ነገር ስታጠብቅ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብላ የምትምል ሴት፣ ያቺን መሐላ እርግፍ አድርጋ ተወቻት። ነገሩ እንደጠና የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሐኪም ቤት ስትሄድ የዓይን ሞራ ነው አሏት። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ወርዷል፤ ግን በቀዶ ጥገና ይነሣል፣ አንዱን ሠርተን ሲድን ሌላውን እንሠራለን አሏት። ደስ አለን። የዓይን ቀዶ ሐኪሙ ከሌላ ከተማ እየመጣ፣ ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ የሚመለስ ሰው ነው። በእሱ ዙር ያልተሠራ ሰው የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሁሉም የሚመልሰው «ይነገራችኋል» ብሎ ነው።

በተቀጠረችበት ቀን ሄደች፤ የደም ግፊቷ ወጥቶ ተገኘ። ግፊት እንዲህ ወጥቶ ዓይን አይነካም፣ ዓይን ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል ብለው መለሷት። መድኃኒት አዘዙላት፣ አንድም ቀን ሳታጓድል ዋጠች። ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት ሲለካት ደኅና ነው። ጎረቤት ሲለካት ደኅና ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዳ የመለኪያው ሰማያዊ ጨርቅ ክንዷ ላይ ሲጠመጠም ግን ግፊቷ ሽቅብ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው፤ ዳግመኛ ተመለሰች።

የመለሳት ሐኪም ደግ ሰው ነበር፣ ቁጭ አድርጎ አስረዳት። «አንዳንድ ሰው መለኪያውን ሲያይ ብቻ ግፊቱ ይወጣል። መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ። ግን ደግሞ ራስሽን አታስጨንቂ። ተጫወቺ፣ ሳቂ። ሰው ከልቡ ሲስቅ የተጨመደደው ጡንቻ ይላላል፣ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ጭንቀቱም ይቀንሳል» አላት። ጥሩ ምክር ነው፣ አንድም ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ባሏ አጠገቧ ቆመው መስማታቸው ላይ ነው።

ባሏ፣ ጋሼ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ችሎት አስከባሪ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ ሲገባ «ተነሡ!»፣ ሰው ሲንሾካሾክ «ጸጥታ!» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ የተባለ ነገር ይፈጸማል፣ አለቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሼ ሞኝ አይደሉም፣ ወረቀቱ ናቸው። ሐኪሙ ኪኒን አዟል፣ ሐኪሙ ሳቅ አዟል፤ ስለዚህ ሁለቱም በሰዓታቸው ይሰጣሉ። ጠዋት ኪኒኗን ስትውጥ ከአጠገቧ ይቆማሉ፤ የውሃውን ብርጭቆ ሳታስቀምጥ ቀልድ ይጀምራሉ።

«ዛሬስ ምን አሉ?» እላታለሁ ሥራ ስትገባ።

«‹መነጽሩ ለካ ግንባሩ ላይ ነበር› አለኝ።»

«የማን?»

«እኔም እሱን ጠየቅሁት። ‹አንድ ሰው መነጽር ጠፍቶት ሲፈልግ ዋለ› አለኝ ቀጥሎ።»

«መጨረሻውን መጀመሪያ?»

«ፍርዱን አስቀድሞ ነው የሚያነበው። ከዚያ ‹ሳቂ እንጂ!› ይለኛል። አልስቅ ስለው፣ ‹ኪኒኑን ውጠሽ ሳቁን ትተዪዋለሽ? ሐኪሙ ሁለቱንም ነው ያዘዘው› ብሎ ተቆጣኝ።»

እኔ ካውያውን አስቀምጬ በሳቅ ፈረስኩ። ዓይኗ ለደከመ ሴት ስለ መነጽር የሚቀልድ ሰው ከጋሼ በቀር ከየት ይገኛል? ቆራጩም መቀሱን ጥሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ ልብ አዝኖም ጥርስ ይስቃል ለማለት። የእሷ ጥርስ ግን የቅርብ ዘመድ ነበር፤ ከልቧ ጋር አብሮ ኀዘን ተቀመጠ። ቆራጩ «ስፒል!» ብሎ ሲጮህ እንኳ ስፒሎቿን መትፋት ትታለች። ለምን ትትፋ? እንደማትስቅ ታውቃለች።

ምክር ያልሰጣት ሰው አልነበረም። ጎረቤቷ ሬዲዮ አመጣችላት፣ ጫማ ጠጋኙ ሲሄድ ሲመጣ አፉን ያጣምምላታል፣ ደንበኛው ሁሉ «ሳቅ እኮ መድኃኒት ነው» ይላታል። አዎ፣ መድኃኒት ነው፤ ግን በማንኪያ አይሰጥም። ሰው እንዲስቅ የሚጠበቅበት ሲሆን ፊቱ ይደርቃል። እኔ ይህን እያየሁ በመካሪዎቹ ሁሉ ላይ ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ቀን ሁላቸውም ከሄዱ በኋላ ስፒሎቿን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች።

«ይሄኛው ካለፈኝ ሌላ ዙር አልጠብቅም» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ተዘጋጅቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ሦስተኛውን አልችለውም። ያኔ እጄን ይዛችሁ ትመሩኛላችሁ፣ አለቀ።»

ካውያዬን አነሣሁ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ከተማው ሊመለስ የተቃረበበት ቀን ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ «ይነገራችኋል» ብቻ ነው። እትዬ ስፒል ዋዜማውን «ነገ አንቺም ነይ» አለችኝ።

«ጋሼ አሉ አይደል?»

«ለዚያ እኮ ነው ነይ የምልሽ። አንቺ አይዞሽ አትዪም።»

ይህን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ቆራጩንም ሳስፈቅደው «ሂጂ፣ እኔው እተኩሳለሁ» አለ። ያን ቀን የተኮሰው ሸሚዝ እስከ ዛሬ አልተቃናም።

የዓይን ክፍሉ ኮሪደር ረጅም ነው፤ በአንድ በኩል በር፣ በሌላ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ጢም ብሏል። አንዳንዱ የተሠራ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ አንዳንዱ ተራውን እየጠበቀ ጣሪያ ያያል፤ ወይም ያየ ይመስላል። ነርሷ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን ጠቅልላ ወደ ላይ አስራዋለች። እትዬ ስፒልን አስገብታ ለካቻት። በሩ ክፍት ስለነበር የነርሷን ፊት አየሁ፤ ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

«ወጥቷል እናቴ» አለቻት። «ግን አይቸኩሉ። ወጣ ብለው ይረፉ፣ ሐኪሙ ሳይጨርስ ደግሜ እለካዎታለሁ። እስከዚያ ዓይንዎን የሚያዘጋጀው ጠብታ ሥራውን ይሥራ።»

«ያኔም ካልወረደስ?» አሉ ጋሼ ከበሩ ላይ።

ነርሷ የእትዬ ስፒል ዓይን ላይ ጠብታ አደረገችና አስወጣቻት።

ወንበሩ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ እሷ መሐል፣ ጋሼ በቀኟ፣ እኔ በግራዋ። ጠብታው ያችኑ ትንሽ ብርሃን ወሰደባት። ከዚያ ይዛው ከመጣችው ላስቲክ ውስጥ የደንበኛ ሱሪ አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ጋሼ።

«እቀመቅማለሁ።»

«እዚህ?»

«ባዶ እጄን ከተቀመጥኩ ልቤ ይቆማል።»

ክር ያስገባሁበትን መርፌ ሰጠኋት። ስፒሎቿን ከንፈሯ ላይ ሰካች፣ የሱሪውን እግር ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየዳሰሰች ጀመረች። ኮሪደሩ ነፋስ ነበረው። ጋሼ ወፍራም ካፖርታቸውን ለብሰው ስለነበር፣ ሰፊውን ጫፍ አንሥተው ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉላት። ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ደግሞ ሥራቸውን ቀጠሉ።

«አትጨነቂ።»

«እም።»

«ምንም የለም። ቁጥር ነው፣ ቁጥር ምን ያደርጋል?»

«እም።»

«ረጋ በይ ነው የምልሽ። እኔ አብሬሽ ነኝ። አልለይሽም።»

«እምምም።»

ይህን የመጨረሻውን እኔ ተረድቼዋለሁ፤ ጋሼ ግን አልገባቸውም። «አብሬሽ ነኝ» የሚለውን ደጋገሙት። በተናገሩ ቁጥር መርፌዋ ይፈጥናል። እኔ በውስጤ ጋሼን እየረገምኩ፣ ደግሞ እየጸለይኩ፣ የበሩን እጀታ አያለሁ። ከተሠሩት አንዱ፣ ግራ ዓይናቸው የታሸገ ቀኙም ብዙ የማያይላቸው ሽማግሌ፣ ትይዩአችን ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ብቅ ብላ «እናቴ፣ አሁን ይግቡ» አለች።

ጋሼ ልማዳቸው ነው፤ በር ተከፍቶ ሰው ብቅ ሲል ተወርውረው ቆሙ። ሲቆሙ ካፖርታቸው ተነሣ። ካፖርቱ ሲነሣ ሱሪው ተነሣ። ሱሪው ሲነሣ የእትዬ ስፒል ቀሚስ ተነሣ፣ እሷም ሳትወድ ግማሽ ቁመቷን ብድግ አለች። ጋሼ ደንግጠው ተቀመጡ፤ እሷም ዱብ አለች። ጋሼ ነገሩ ስላልገባቸው እንደገና ቆሙ፤ እሷም እንደገና ብድግ።

በጣቴ ነካሁት። የደንበኛውን ሱሪ ጫፍ ከጋሼ ካፖርት ጫፍ ጋር፣ ሁለቱን ደግሞ ከቀሚሷ ጋር፣ ዙሪያውን ቀምቅማዋለች። ሱሪ ከራስ ቀሚስ ጋር መስፋት በእኛ ሥራ የሚደርስ ነገር ነው፤ ጭኑ ላይ የሚሰፋ ሰው ሁሉ አንዴ ሳይሠራት አይቀርም። ባል ጨምሮ የሰፋ ሰው ግን አላየሁም። የእሷ ስፌት ደግሞ ጨርቁ ያልቃል እንጂ አይፈታም።

«ምንድን ነው?» አለች በስፒሎቿ መሐል።

ጋሼ ወደ ታች አዩ። ካፖርታቸውን አዩ፣ ሱሪውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ በዚያ በችሎት ድምፃቸው፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «አትጨነቂ፣ አብሬሽ ነኝ!» አሉ።

እትዬ ስፒል ጣቷን ሰድዳ ስፌቱን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ዳሰሰችው። ስትደርስበት ገባት። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሊመጣ ነው።

«ስፒል!» ብዬ ጮኽኩ።

ትፍ አለች። ስፒሎቹ መዳፏ ላይ ተዘረገፉ። ነርሷ «ምንድን ነው ከአፋቸው የሚወጣው?» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ለነገሩ» አለች እትዬ ስፒል፣ «ስፌቱስ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው»፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች።

ያን ሳቅ ስንት ጊዜ ናፍቄው ነበር! ወገቧን ልትይዝ እጇን ስትሰድ ካፖርቱን ያዘች፤ ጋሼ ወደ እሷ ተሳቡ፤ ይህ ደግሞ ባሰባት። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቁልቁል ተንሸራተትኩ። አግዳሚው ሙሉ ዓይን የተሸፈነ ሰው ነው፤ ሳቁን ይሰማል እንጂ ነገሩን አያይም።

«ምን ሆናችሁ ነው? ለማላየውም ሰው ንገሩ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው ነቅተው።

«ሰፋቻቸው!» አልኩ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ።

«ማንን?»

«ባሏን!»

«በምን?»

«በመርፌ ነዋ! ከሱሪ ጋር!»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «የእኔዋ ይህን መላ ብታውቅ ኖሮ፣ ዕድሜዋን የት አመሸህ በማለት ባልጨረሰችው!» አሉ። ያን ጊዜ ኮሪደሩ ሁሉ ተናጋ። አንዷ «ዓይኔ! ዓይኔ! አታስቁኝ» እያለች ፋሻዋን በመዳፏ ደግፋ ትስቃለች። ጋሼ ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ነርሷ አፏን በክንዷ ሸፍና መቀስ ይዛ መጣች።

«እንዳትነኪው ልጄ! የሰው ሱሪ ነው!» አለች እትዬ ስፒል እንባዋን እየጠረገች። «የእኔን ቀሚስ ቁረጪው።»

ነርሷ ከቀሚሱ በኩል ያለውን ክር ለቀም ለቀም አድርጋ በጠሰችው። ጋሼ ከነሱሪው ቀሩ። «አሁን ወዲያው አልለካዎትም» አለቻት ክንዷን ይዛ ስታስገባት። «ሲስቁ ከፍ ይላል፤ ሰውነት ሲያርፍ ነው የሚወርደው። እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፣ አያውሩ፣ ዝም ብለው ይተንፍሱ።»

ከበሩ ሆኜ አያታለሁ። ወንበሩ ላይ ትከሻዋን ጥላ ተቀምጣለች። አልፎ አልፎ ትዝ እያላት ሆዷ ርግብ ርግብ ይላል፤ ከዚያ ያ የማውቀው ረጅም ትንፋሽ መጣ። ሰማያዊው ጨርቅ ክንዷ ላይ ሲጠመጠም እንኳ፣ ጠርዙን በጣቷ ዳሳ «ይሄንን ማን ነው የሰፋው? ጠማማ ነው» አለች። «አያውሩ እናቴ» አለች ነርሷ። መለኪያው ተነፋ፣ ተነፈሰ። ነርሷ አየችው። ሌላኛውን ክንድ ለካች፣ እሱንም አየችው። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው የሱሪውን ሌላ እግር በጡጫቸው ጨብጠውታል።

«ወርዷል» አለች። «እሰይ! በሉ ቀዶ ሐኪሙን ልጥራ።»

ጋሼ ሳይቀመጡ አልቀሩም፤ ምክንያቱም ዞር ስል አግዳሚው ላይ ናቸው። ሚስታቸው በሌላኛው በር ወደ ቀዶ ጥገናው ስትገባ ቆመው ሊሸኟት ሞከሩ፣ ሱሪው እግራቸው ሥር ተጠመጠመባቸው። እሷ ድምፃቸውን ሰምታ «ተቀመጥ አንተ፣ የትም አትሄድም» አለቻቸው፣ ገባችም።

አጠገባቸው ተቀምጬ ስፌቱን መተርተር ጀመርኩ። ሥራ ነበር።

«እኔ ቀልድ አላውቅም» አሉኝ በኋላ፣ በሩን እያዩ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሌላ የማደርግላት ነገር ስላጣሁ ነው። ሌሊት ተነሥታ ግድግዳውን እየዳበሰች ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እሰማለሁ። እንዳልነቃ አስባ ነው ቀስ የምትለው። እኔም ነቅቼ እያዳመጥኩ፣ የተኛሁ መስዬ እጋደማለሁ። በጣም ፈርቼ ነበር።»

በልቤ የረገምኳቸውን ሁሉ ያን ጊዜ መልሼ ዋጥኩት። «አይዞዎት» አልኳቸው። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት፣ ከአፌ አመለጠኝ። ለሚስታቸው እንዳይነግሩብኝ አስምያቸዋለሁ።

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሆኖ ወጣ አሉን። ዓይኗን ሸፍነው አስተኟት፤ በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሊፈታ ተመልሰን ሄድን። እንዲያው ለወጉ ጋደም አልኩ እንጂ፣ ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ያቺው ነርስ ወንበር ላይ አስቀምጣት ፋሻውን በጥንቃቄ ላጠችው። እትዬ ስፒል ግን ዓይኗን ጨፍና ቀረች።

«ይክፈቱት እናቴ።»

«ቆይ፣ ልዘጋጅ።»

ከዚያ ከፈተችው። መጀመሪያ እጇን አየች፤ ከፊት ከኋላ ገለባበጠችው። ቀጥላ ቀና አለች። «ልጄ፣ የኮሌታሽ ቁልፍ ሊወድቅ ነው» አለቻት ነርሷን። ነርሷ ቁልፏን ይዛ ሳቀች፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። እያየች ነው! ክር ይታያታል!

ጋሼ ከበሩ አጠገብ እንደ ዘብ ቆመዋል። ወደ እሳቸው ዞረች፤ አየቻቸው፣ አሁንም አየቻቸው። ያማት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ና እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ ና» አለቻቸው።

መጡ። ወንበሯ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ሁሉ መስመር መቼ ነው የወጣብህ? ፀጉርህስ መቼ ነው እንዲህ ያለቀው?»

«አንቺ ሳታዪ ነው» አሉ ጋሼ።

«ብቻህን አረጀህ በለኛ።»

ጋሼ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። እሷም ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በተሠራችው ዓይኗ ብቻ፣ ግንባራቸውን፣ ቅንድባቸውን፣ አገጫቸውን ተራ በተራ ታይ ጀመር። ነርሷ ፋሻ የምትፈታለት ሌላ ሰው ነበራት፣ ግን እትዬ ስፒልን ማንም አላስቸኮላትም።